እጅ ለማን ይታጠባል?

ፉሩሴት ከኦስሎ መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በአልና ወረዳ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። በሁለት ቁጥር የምድር ባቡር የመጣ ሰው ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ የገበያ ማዕከሉን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና በተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ በትሪግቬ ሊ ስም የተሰየመውን አደባባይ ያገኛል። ከወረዳው ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱ ወይም ወላጆቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ መካከል አሉ።

የሚከተለው ምልልስ በዚያ ሰፈር በሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን መካከል እንደተደረገ ሆኖ የተጻፈ ነው። አንደኛው ተናጋሪ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሳኒታሪያንነት ሠልጥነው የሥራ ዘመናቸውን በገጠር ያሳለፉ፣ በጡረታ ወደ ልጃቸው ዘንድ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሁለተኛዋ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። የሚከራከሩት ለፋሲካ በሚዘጋጀው ድግስ ላይ ሰው እጁን እንዴት ይታጠብ በሚለው ነው። የሚጠቅሷቸው ጥናቶችና ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፦ ከኮሚቴው አንዱ ነገረኝ። በአዳራሹ ወለል ላይ ከሽንት ቤቱ በር እስከ እጅ መታጠቢያው ድረስ ባለቀለም የእግር ኮቴ ልትለጥፊ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ከማዕዱ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡኝና ስለ ንጽሕና ልናገር ብዬ ጠይቄ ነበር። ኮቴው ከንግግሩ ይበልጣል ብለሽ ነው?

ነርሷ፦ ንግግርዎን እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሳሙና በሽታ እንደሚከላከል ያልሰማ ሰው ይኖራል? በኮሮና ጊዜ አገር ቤት ስልክ ሲደወል ከጥሪው ድምፅ ቀድሞ የሚሰማው እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ነበር። ሁላችንም በቃላችን ያዝነው። ሆኖም ባለፈው ድግስ ማግስት በየቤቱ ልጆች ሲያስመልሳቸው አደረ። ያላወቀ አልነበረም፤ ያልታጠበ ግን ነበር።

ጋሼ፦ ያላደረገ ሰው በቅጡ አላወቀም። ጠለቅ ብሎ ቢገባው ኖሮ ያደርገው ነበር።

ነርሷ፦ እንግዲያው ከሁሉ ጠልቀው የሚያውቁትን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ላይ ከብዙ አገሮች ሆስፒታሎች የተገኙ ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። የጤና ባለሙያዎች እጃቸውን ማጽዳት ከሚገባቸው ጊዜ በእርግጥ ያጸዱት በአማካይ ከ40 በመቶ በታች ነው። እነዚህ ስለ ጀርም ለዓመታት የተማሩ፣ ጀርሙን በማይክሮስኮፕ ያዩ፣ በእሱ ምክንያት ሰው ሲሞት አጠገቡ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የጠለቀ እውቀት ከየት ይመጣል?

ጋሼ፦ ያሳፍራል። ግዴለሽነት ነዋ!

ነርሷ፦ እኔም ከውስጡ ነኝና አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም እላለሁ። መታጠቢያው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ሄዶ፣ ውኃ ከፍቶ፣ በሳሙና ፈትጎ፣ አድርቆ እስኪመለሱ ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ደጋግሞ ማድረግ ያለበት ሰው በሽተኛውን መቼ ያያል? በጄኔቫ ዲዲየ ፒቴ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህንን ተረዱ። የእጅ አልኮሉን ወደ አልጋው አጠገብና ወደ ሠራተኛው ኪስ አመጡት፤ በየግድግዳው ሥዕል ለጠፉ፤ ውጤቱን ለሠራተኛው መልሰው ነገሩት። በ1994 48 በመቶ የነበረው እጅ የማጽዳት ልማድ በ1997 66 በመቶ ደረሰ። ሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ ኢንፌክሽን ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ደግሞ የተሻሻሉት በተለይ ነርሶችና ረዳቶቻቸው ነበሩ፤ ሐኪሞቹ እምብዛም አልተለወጡም። ብዙ የተማረው ጥቂት ተለወጠ ማለት ነው።

ጋሼ፦ አንቺ ጄኔቫን ካነሳሽ እኔ ቪየናን አነሳለሁ። በ1847 ኢግናጽ ዜመልቫይስ የሚባለው ሐኪም በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ያያል። በአንዱ የሚያዋልዱት ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ በሌላው አዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በእጅጉ ይበልጡ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዷ ይመጣሉ። አንድ ባልደረባው በአስከሬን ምርመራ ላይ በቢላ ተወግቶ እንደ ወላዶቹ ባለ ሕመም ሲሞት ነገሩ ገባው። በበሩ ላይ ክሎሪን የተበጠበጠበት ውኃ አስቀምጦ ሳትታጠቡ አትግቡ አለ። በሚያዝያ ከመቶ እናቶች 18 ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ 2 ብቻ ሞቱ።

ነርሷ፦ ይኸው፣ የውኃው መቀመጫ በበሩ ላይ ነበራ!

ጋሼ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ውኃው በበሩ ላይ ነበር፤ ትእዛዙም ነበር። ግን ለምን ይሠራል ለሚለው መልስ አልነበረም። ሳይንቲስቶቹ ፓስተርና ኮኽ ጀርምን ያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረቦቹ ለምን እንደሆነ ስላልገባቸው አልተቀበሉትም፤ እሱም ከቪየና ወጥቶ በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ። ስለዚህ ምክንያቱን ያልነገርሽው ሰው ዛሬ ቢታጠብልሽ ነገ ይተወዋል። የኔ ክርክር ይህ ነው።

ነርሷ፦ እቀበላለሁ። በዜመልቫይስ ዘመን የጎደለው ምክንያቱ ነበር። በእኛ ዘመን ምክንያቱ በሁሉም ቤት ገብቷል፤ የጎደለው ከማወቅ ወደ ማድረግ የሚያሻግረው ነው። በባንግላዴሽ የተደረገ አንድ ጥናት ልንገርዎ። በ2016 የታተመ ነው፤ በሁለት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠራ። ከሽንት ቤት ከወጡ ልጆች እጃቸውን በሳሙና የሚታጠቡት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ስለ ጤና አንድ ቃል አላስተማሩም። የእጅ መታጠቢያ ሠሩ፤ ከሽንት ቤቱ እስከ መታጠቢያው ያለውን መንገድ አነጠፉና ደማቅ ቀለም ቀቡት፤ በመንገዱ ላይ የእግር ኮቴ፣ በመታጠቢያው ላይ የእጅ አሻራ ሣሉ። በማግስቱ 68 በመቶ ታጠቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 74፣ ከስድስት ሳምንት በኋላም 74።

ጋሼ፦ መታጠቢያው ራሱ ቀድሞ አልነበረማ! ውኃና ሳሙና ስለመጣ ነው የታጠቡት።

ነርሷ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከውጤቱ ትልቁ ድርሻ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይህንን እንደ ተቃውሞ አላየውም። ውኃው የት ይቀመጥ፣ ሳሙናው በዓይን ይታይ፣ መንገዱ ወዴት ይምራ የሚለው ሁሉ አንድ ሥራ ነው። ሰው በእግሩ ወደሄደበት እጁም ይሄዳል።

ጋሼ፦ አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ይህ ሰውን ሳያውቅ መንዳት አይሆንም? እኔ በሕይወቴ ገበሬውን እንደ ሙሉ ሰው አክብሬ፣ ለምን እንደሆነ ነግሬው ነው የሠራሁት። ተታልሎ የታጠበ ሰውና አምኖ የታጠበ ሰው እኩል ናቸው?

ነርሷ፦ እኩል አይደሉም። ሪቻርድ ቴለርና ካስ ሰንስታይን በ2008 እንዲህ ያለውን አሠራር ለስላሳ ግፊት ብለው በመጽሐፍ ሲያስተዋውቁ ያስቀመጡት ወሰን አለ፦ አትከልክል፣ አታስገድድ፣ አትቅጣ፤ ጥሩውን ምርጫ ቀላል አድርገው። ቴለር በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። እኔ ከዚያ ላይ የራሴን መለኪያ እጨምራለሁ። የሠራሁትን በማይክራፎን ቆሜ ብናገረው ኃይሉ ይጠፋል? ኮቴውን ለምን ለጠፍሽው ቢሉኝ፣ ልጆቻችን ወደ መታጠቢያው እንዲሄዱ ነው እላለሁ፤ ኮቴውም ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ማታለል አይደለም።

ጋሼ፦ በማይክራፎን የማይነገረውስ?

ነርሷ፦ አለ። በማያሚ በሚገኝ ሆስፒታል በ2016 የታተመ ሙከራ ተደርጓል። ከክፍሉ ደጅ የሎሚ ሽታ ያለው የጽዳት መዓዛ ሲረጩ እጃቸውን ያጸዱት ከ15 ወደ 47 በመቶ ገደማ ወጡ። ከአልኮሉ በላይ የወንድ ዓይን ፎቶ ሲለጠፍ 33 በመቶ ሆኑ፤ የሴት ዓይን ሲለጠፍ ግን 10። ሙከራው ትንሽና አጭር ነው። ሰው መዓዛውን ይለምደዋል፤ ዓይኑም ወረቀት መሆኑን ያውቃል። በእንዲህ ያለው ላይ የማኅበረሰብ ልማድ አልገነባም።

ጋሼ፦ በዚህ ተስማማን። እንግዲህ ዓይን ካልሽ አይቀር፣ የወረቀት ሳይሆን የሰው ዓይን የሚሠራበትን እኛ ቤት እናውቀዋለን። እናቴ ቤት ስለ እጅ ንጽሕና ንግግር ሲደረግ ሰምቼ አላውቅም። እንግዳ ሲቀመጥ ማንቆርቆሪያውና ማስታጠቢያው ይመጣል። ከልጆቹ አንዱ በግራ ትከሻው ፎጣ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከአዛውንቱ ጀምሮ ያስታጥባል። ውኃው ነው ወደ ሰው የሚሄደው እንጂ ሰው ወደ ውኃው አይሄድም። እንግዳው አልታጠብም ቢል ማንም አይከለክለውም። ግን ልጁ ፊቱ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፣ ጎረቤቱ ታጥቦ፣ ገበታው ቀርቦ፣ ማን አልታጠብም ይላል? ይሉኝታው አያስችለውም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ባንግላዴሽም ማያሚም ይህን ያህል የተሟላ ነገር አልሠሩም። ውኃው ከሰው ፊት ነው፤ ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ከመብላት በፊት፤ ተራው የታወቀ ነው፤ ሁሉም ይተያያል። በእንግሊዝ በ2009 የታተመ ጥናት በአውራ ጎዳና ማረፊያ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ወደ 200 ሺህ ለሚጠጋ ጊዜ ሲገባ በመሣሪያ ቆጥሯል። ምንም መልእክት ሳይኖር በሳሙና የታጠቡት ከሴቶቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማ፣ ከወንዶቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበሩ። ከዚያ በመግቢያው ላይ ልዩ ልዩ መልእክት እያሳዩ ሞከሩ። ስለ በሽታ የሚያስታውሰው ለሴቶቹ ረዳ፤ ለወንዶቹ የሚያስጸይፈው ይሻል ነበር። ለሁለቱም የሠራው አጠገብህ ያለው ሰው በሳሙና እየታጠበ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ነው። ያ ጥያቄ የእናትዎ ቤት ያለ ጽሑፍ የሚጠይቀው ነው።

ጋሼ፦ አመሰግናለሁ፤ ግን አባቶቻችን ሁሉን አውቀው ነበር ብለን እንዳንኩራራ። ሳኒታሪያን ሆኜ ስመለስ የዚያኑ ማስታጠብ ጉድለቱን አየሁ። አንደኛ፣ ብዙ ቤት ሳሙና አልነበረም፤ እጁ እርጥብ ሆነ እንጂ አልጸዳም። ሁለተኛ፣ ከመብላት በፊት ነው እንጂ ከሽንት ቤት በኋላ ማስታጠብ የለም፤ ልጅ ካጸዱ በኋላም የለም። ሦስተኛ፣ ፎጣው አንድ ነው። ቤቱ በሙሉ፣ እንግዳው በሙሉ በአንድ ፎጣ ያደርቃል። በአማራ አገር ትራኮማ ስንት ሰው ዓይን እንዳጠፋ ታውቂያለሽ። ፊት ያልታጠበ ሕፃን፣ ዝንብ፣ የጋራ ፎጣ፤ በሽታው በእነዚህ ነው የሚተላለፈው። እኔ ፎጣውን ስጣላው ነው የኖርኩት።

ነርሷ፦ ስለዚህ ልማዱን እንደነበረ ሳይሆን አርመን እናምጣው። ፈሳሽ ሳሙና ከጆጉ ጋር ይምጣ፤ ፎጣው ይቅርና የወረቀት ሶፍት ይሁን። እኔ በሥራዬ የለመድኩት ይህንን ነው። የኖርዌይ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2017 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ መሠረት በሽተኛ የሚነካ ሠራተኛ የጋብቻ ቀለበት እንኳ፣ ሰዓት፣ አርቴፊሻል ጥፍር አያደርግም። ይህ በየቀኑ የሚታሰብበት ምርጫ አይደለም፤ ሥራ ሲገባ ወልቆ ይቀመጣል፣ አለቀ። ጥሩ አሠራር ሰውን በየደቂቃው አስብ አይለውም።

ጋሼ፦ አሁን ደግሞ አንድ ጥናት ልጨምርልሽ፤ ለኔ ወገን ነው። በፓኪስታኗ ካራቺ፣ በድሆች ሰፈሮች፣ ስቲቨን ሉቢና ባልደረቦቻቸው ለቤተሰቦች ሳሙና በነጻ እየሰጡ እጅ መታጠብን አበረታቱ። በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ15 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ተቅማጥ በ53 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉት ሳንባ ምች በ50 በመቶ ቀነሰ። ግን ልብ በይ፦ ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ማስተማር ሠርቷል!

ነርሷ፦ ሠርቷል። ከባንግላዴሹ በኋላ በ2018 የታተመ ሌላ ጥናትም ይህንኑ ይመሰክርልዎታል። የቀለሙን ኮቴና ከባድ የንጽሕና ትምህርትን በትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ሲያወዳድሩ ከአምስት ወር በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። ትምህርት ከንቱ ነው አልልም። ግን በየሳምንቱ የሚያስተምር ሰው ደመወዝ፣ ጊዜ፣ ጉልበት ይፈልጋል። ቀለሙ አንዴ ተቀብቶ ይቀራል። መምህር በሌለበት ቀለሙ በእሱ ቦታ ይቆማል፤ መምህር ባለበት ደግሞ ሁለቱም ይቁሙ።

ጋሼ፦ መምህር ባለበት ሁለቱም ይቁሙ፤ ይህችን ወድጃታለሁ። ግን ሦስተኛ ነገር አለ፤ ከሁለቱም የሚቀድም። ውኃ! የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሚያወጡት ክትትል መሠረት በኢትዮጵያ በቤቱ ውኃና ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያ ያለው ሰው ከአሥር አንዱን እንኳ አይሞላም። ውኃ ከሩቅ ቀድታ በጀርባዋ ለተሸከመች እናት፣ ከሽንት ቤት በኋላ ልጆችሽን ሁሉ አስታጥቢ ማለት ምን ማለት ነው? ጄሪካኑ ለመጠጥም፣ ለወጥም፣ ለዚያም አይበቃም። እዚያ ቤት ኮቴ ብትስዪ ስድብ ነው።

ነርሷ፦ ስድብ ነው። በዚህ አንድ ቃል አልከራከርም።

ጋሼ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ይህንን ከኛ በላይ ያውቁታል። ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ ከሚያስተምሩት አንዱ ንጽሕና ነው። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ትንሽ ጄሪካን በገመድ ይሰቀላል፤ በእግር የሚረገጥ እንጨት ታስሮበት፣ ሲረገጥ ያዘነብላል። ጥቂት ውኃ ብቻ ይፈሳል፤ እጅ ጄሪካኑን አይነካም፤ ሳሙናውም በገመድ ይንጠለጠላል። እኔ ያየሁት ችግር መሥራቱ አይደለም፤ መሙላቱ ነው። ባዶ ሆኖ ሲገኝ በማግስቱ ማንም አይረግጠውም። ማን ይሞላዋል የሚለው በቤቱ ውስጥ ካልተወሰነ ሳምንት አይዘልቅም።

ነርሷ፦ ይገርማል፣ ጋሼ። እስካሁን የተናገሩት ሁሉ እኔ የምለው ነው። ጄሪካኑ የት ይሰቀል፣ በእግር ይረገጥ፣ ሳሙናው ይታይ፣ ማን ይሙላው። እርስዎ በጎንደር የተማሩት ሙያ ራሱ ይህ አይደለም?

ጋሼ፦ ነው እንጂ። ኮሌጁ በ1954 ሲቋቋም፣ በደምቢያ ከደረሰው የወባ እልቂት በኋላ ነው፣ ሐሳቡ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይውጡ የሚል ነበር። የሳኒታሪያኑ ሥራ ምንጭ ማጎልበት፣ የጉድጓድ ውኃ መጠበቅ፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር ነው። ከብቱ ከሰው ጋር ከአንድ ኩሬ እንዳይጠጣ በንግግር አንጀምርም ነበር፤ ምንጩን ከላይ ሸፍነን ለሰው ቧንቧ፣ ለከብቱ ገንዳ ከታች እንሠራለን። ከዚያ በኋላ ሰው ከኩሬው ልጠጣ አይልም። አዎ፣ ሙያዬ ቦታን ማስተካከል ነበር። ሲመሽ ደግሞ ተሰብስበን ለምን እንደሆነ እናስረዳ ነበር። ሁለቱን ነጣጥዬ አላየኋቸውም።

ነርሷ፦ አሁን ወደ ፉሩሴት ልመልስዎ። በ2020 እና በ2021 ይህ ወረዳ፣ ከስቱቭነርና ከግሩሩድ ጋር፣ ኮሮና ከበረታባቸው የኦስሎ ወረዳዎች መካከል ነበር። ያኔ ጎረቤት ሁሉ በዓይን የሚወቀስ ይመስል ነበር፤ አይታጠቡም፣ አይሰሙም እየተባለ።

ጋሼ፦ ልክ ነበሩ?

ነርሷ፦ አልነበሩም። አውቶቡስ የሚነዳ፣ ታክሲ የሚይዝ፣ ሕንፃ የሚያጸዳ፣ አረጋዊ የሚያጥብ ሰው ከቤቱ በኮምፒውተር አይሠራም። በአነስተኛ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ትውልድ አብሮ ይኖራል። ደግሞ ኮሮና በዋነኛነት የሚተላለፈው በአየር ነበር፤ እጅ ብቻ ታጥቦ አይቆምም። ስለዚህ እጅ መታጠብን ለሁሉ በሽታ መድኃኒት አናድርገው። መታጠብ ያላስቆመውን ሁሉ በሰዎቹ ላይ ማላከክ ይመጣልና።

ጋሼ፦ ታዲያ ለምኑ ነው የሚበጀው? ቁርጡን ንገሪኝ።

ነርሷ፦ ለተቅማጥ፣ ለትውከት፣ ለሆድ ትላትሎች፣ በሆስፒታልና በመንከባከቢያ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ለሚሄዱ ባክቴሪያዎች፤ ለጉንፋንና ለሳንባ ምችም በከፊል። እዚህ አገር በየክረምቱ መዋዕለ ሕፃናቱንና መንከባከቢያውን የሚያምሰው ኖሮቫይረስ ነው። እዚህ ላይ ኮሮና የተወልን መጥፎ ልማድ አለ፤ ሁሉም ወደ አልኮሉ ይሮጣል። አልኮል ለብዙ ጀርም ጥሩ ነው፤ ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይገድልም። ለእሱ የሚያስፈልገው ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ነው፤ ቫይረሱን ከእጅ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ምግቡ ፊት የአልኮል ጠርሙስ ደርድረን ተረጋጋን ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው የሰነበተ ሰው ደግሞ እጁን ቢታጠብም ወጥ ቤት አይግባ፤ ከዳነ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ።

ጋሼ፦ ይህንን ለሴቶቹ ኮሚቴ እኔ ራሴ እነግራለሁ። ዶሮ ልሥራ ብላ የተሰለፈችን እናት ቤትሽ ቆዪ ማለት ከባድ ነው፤ ከሽማግሌ ቢሰሙት ይሻላል።

ነርሷ፦ እዚያ ላይ የእርስዎን ቃል የሚተካ ኮቴ የለም። አሁን ዋናውን ልንገርዎ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝን ጥናት። በ2011 በአሜሪካ፣ አዳም ግራንትና ዴቪድ ሆፍማን በአንድ ሆስፒታል ከሳሙናና ከአልኮል ማስቀመጫዎቹ በላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ለጠፉ። አንዱ የእጅ ንጽሕና አንተን ከበሽታ ይጠብቅሃል ይላል። ሌላው የእጅ ንጽሕና በሽተኞችን ከበሽታ ይጠብቃል ይላል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ስለ ራሱ የተነገረው ሠራተኛ አልተለወጠም። ስለ በሽተኛው የተነገረው ግን ሳሙናና አልኮል በብዛት መጠቀም ጀመረ።

ጋሼ፦ ሰው ለራሱ ሲሆን ምንም አልሆንም ይላል።

ነርሷ፦ አዎ። እስከዛሬ አልታመምኩም፣ ዛሬም አልታመምም ይላል። በሌላ ሰው ላይ ግን እንዲህ ለማለት አይደፍርም። አሁን ወደ ገበታችን ይምጡ። በዓለም ላይ እጅ ከሌላ ሰው አፍ ጋር እንደኛ የተቀራረበበት ማዕድ ስንት ነው? በአንድ ትሪ እንበላለን። እናጎርሳለን። ባል ሚስቱን፣ አያት የልጅ ልጇን፣ ሙሽራ ሚዜውን። የኔ እጅ በጎረቤቴ አፍ ውስጥ ይገባል። ታዲያ እጃችንን ለራሳችን ጤና ስንል እንታጠብ ብለን ለምን እንለፋለን? ለምናጎርሰው ሰው እንታጠባለን።

ጋሼ፦ ይህ ትምህርት ነው ወይስ ግፊት?

ነርሷ፦ ሁለቱም ነው፣ ጋሼ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲጻፍ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው፦ የሚያጎርሱት ሰው ማነው? ታጥበው ያጉርሱት። ስለ ጀርም ሌላ ቃል አልጨምርም።

ጋሼ፦ እኔም አሥር ደቂቃዬን ትቼዋለሁ፤ ልክ አይደለም ብዬ አይደለም፣ የተሻለ ቦታ አግኝቼለታለሁ። ልጆቹ ጆግ ይዘው ሲያስታጥቡ አብሬያቸው እዞራለሁ። አዛውንቱ ሲታጠብ በእጁ ላይ ውኃው እየፈሰሰ፣ በጣቶቹ መሐል፣ በጥፍሩ ሥር፣ አውራ ጣቱን አትርሳ እላለሁ። ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈትግ። ለምን እንደሆነም በዚያው እነግረዋለሁ። ቃሉ ከድርጊቱ ጋር ሲገጥም ይዘልቃል።

ነርሷ፦ ልጆቹንስ?

ጋሼ፦ ልጆቹ ጆጉን ስለሚይዙ መጀመሪያ የሚታጠቡት እነሱ ይሆናሉ። አስታጣቢ የሆነ ልጅ ሳይታጠብ አያስታጥብም። እዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻችን ከቧንቧ በስተቀር አያውቁም፤ ሰውን ማስታጠብ ክብር እንደሆነም አልነገርናቸውም። ይህን ይማሩ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ቅደም ተከተሉን እንስማማ። መጀመሪያ ውኃና ሳሙና፤ ይህ የኮሚቴው ገንዘብ የሚወጣበት የመጀመሪያ ዕቃ ይሁን፣ ከአበባውና ከፊኛው በፊት። ቀጥሎ ቦታው፤ መታጠቢያው ከምግቡ መስመር ፊት ይሁን፣ ሰው ሳያልፈው ትሪ የማያገኝበት። የሽንት ቤቱ መንገድ በኮቴ ይመራ፤ ሳሙናው እንዳያልቅ በየሰዓቱ የሚያይ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። ከዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን ያስታጥብ። በመጨረሻ ምክንያቱ በግልጽ ይነገር፤ ምንም የተደበቀ ነገር አይኑር።

ጋሼ፦ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይሠራም። ውኃ ሳይኖር ምክር ማብዛት በድሃው ላይ መቀለድ ነው። ውኃ እያለ ቦታውን ሳያመቻቹ ሰውን መውቀስ ስንፍና ነው። ቦታውን አመቻችቶ ምክንያቱን መደበቅ ደግሞ ንቀት ነው።

ነርሷ፦ ይህንን ምልልስ ለሚያነብ ሁሉ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ሠርግ የምታዘጋጁ ሁሉ፦ ከሚቀጥለው ድግሳችሁ በፊት ወደ አዳራሹ ሂዱና ከሽንት ቤቱ እስከ ገበታው ያለውን መንገድ በእግራችሁ ተራመዱት። ውኃው፣ ሳሙናውና ሶፍቱ በዚያ መንገድ ላይ ከሌሉ ያን ቀን የታመመ ልጅ ጥፋቱ የእናቱ አይደለም፤ የአዘጋጁ ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችሁንም የጤና ኤክስቴንሽኗ ምን እንደሚጎድላት ጠይቁልኝ፤ ከምክር በፊት ሳሙናና ጄሪካን ግዙላት።